ገዳዩን እያወቅነውም ኮሎምቦን እናያለን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም ብያለሁ ከሐረር። ባለፈው ሰሞን መዝናኛ ገጻችሁ ላይ ስለ ወንጀል ምርመራ ድራማዎች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ብዕሩ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ስለ አዳዲሶቹ ተከታታይ ፊልሞች የጻፈውም ደስ ይላል። ግን መሀል ላይ ሲደርስ የድሮዎቹን በአንድ አረፍተ ነገር ጠራርጎ ጣላቸው። ገዳዩን ገና ሲጀምር የሚያሳይ ድራማ ዛሬ ማንም ቁጭ ብሎ አያይም አለ። አቦ እኛ እናያለን! ቁጭ ብለንም፣ ትራስ ተደግፈንም፣ ተጋድመንም እናያለን። ያየነውንም ደግመን እናያለን።

የማወራው ስለ ኮሎምቦ ነው። ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፣ ኮሎምቦ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ መርማሪ ነው። የሚጫወተው ፒተር ፎልክ ነው። የፈጠሩት ደግሞ ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊልያም ሊንክ የሚባሉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ትምህርት ቤት አብረው ያደጉ ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። ፎልክ ኮሎምቦን ሆኖ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከዚያ ከ1971 እስከ 1978 ኤንቢሲ በሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ታየ። አሥር ዓመት ያህል ጠፍቶ በ1989 በሌላው ጣቢያ በኤቢሲ ተመለሰና በ2003 አበቃ። ይህ ሁሉ ዓመት ተደምሮ 69 ክፍል ብቻ ነው። በዓመት መቶ ክፍል እያመረቱ ለሚያደክሙን ሰዎች ይህን ንገሩልኝ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ገዳዩን እናያለን። ሀብታም ነው፣ ዝነኛ ነው፣ የተማረ ነው። ሐኪም ሊሆን ይችላል፣ ደራሲ፣ የኦርኬስትራ መሪ፣ ፖለቲከኛ። ሲያቅድ እናያለን፣ ሲገድል እናያለን፣ ዱካውን ሲያጠፋ እናያለን። እስከዚያ ድረስ ኮሎምቦ የሚባል ሰው ብዙ ጊዜ የለም። ከዚያ የተጨማደደ ካፖርት የለበሰ፣ ጸጉሩ ያልተበጠረ፣ ሲጋሩን ይዞ እስክርቢቶ የሚለምን አንድ ሰውዬ ይገባል። ገዳዩ ከላይ እስከ ታች አየት ያደርገውና ይንቀዋል። ጨዋታው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የናቁት ያስረግዛል ይላል ያገሬ ሰው።

ማን ገደለ የሚለው ጥያቄ የሚያገለግለው ለአንድ ጊዜ ነው። መልሱን ካወቅክ አለቀ፣ ፊልሙን ሁለተኛ ብታየው አንዱ ጓደኛህ ጨርሶ የነገረህ ቀልድ ይሆንብሃል። ኮሎምቦ ላይ ግን የምንጠብቀው ሌላ ነገር ነው። ይህ ብልጥ፣ ይህ ሁሉን ያሰበ ሰው የቱ ጋ ነው የሚሰናከለው? ያንን ብታውቀውም ሲሆን ማየት አይሰለችም። እንዲያውም በሁለተኛው ላይ ነው መጀመሪያ ያለፈችህን ትንሿን ነገር የምታያት።

እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚታይ ልንገራችሁ። እኔ ጋራዥ ነው የምሠራው። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል በርጫ ላይ እንሰበሰባለን። አንዱ ፍላሹ ላይ አስጭኖ ይመጣል። ከመሀላችን ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አለ፣ እሱ ይተረጉማል። ትንሽ ይተረጉማል፣ ትንሽ ደግሞ ከራሱ ይጨምራል፣ ተው ቢሉት አይሰማም። አንዱ በኦሮምኛ ይጠይቃል፣ ሌላው በሐረሪ ይመልሳል፣ ሦስተኛው በአማርኛ ዝም በሉ ይላል። አንዲት ጎረቤታችን አዴ አለች፣ ቡናዋን ይዛ በር ላይ ትቀመጣለች። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አታውቅም። ግን ኮሎምቦ ገዳዩን አመስግኖ፣ ስላስቸገርኩ ይቅርታ ብሎ ወደ በሩ ሲሄድ ሲኒዋን ታስቀምጥና "ይመለሳል" ትላለች። ይመለሳል እውነትም። ግንባሩን ይዞ፣ ጣቱን አንስቶ፣ አንድ ነገር ብቻ ረስቼ ይላል። ያኔ የገዳዩን ፊት ማየት ነው። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ይህ በየክፍሉ ማለት ይቻላል የሚደጋገም ነገር ነው፣ ማንም ግን ሰልችቶት አያውቅም።

ትሕትናው እኛን በጣም ነው የሚያስቀን። ሐረርና ድሬዳዋ ላይ አንቱታ እንደማይታወቅ ታውቃላችሁ፣ ሽማግሌውንም ሹሙንም አንተ ነው የምንለው። ኮሎምቦ ደግሞ ገዳይ መሆኑን ልቡ ያወቀውን ሰው ጌታዬ፣ እመቤቴ፣ ምን ያህል እንዳደንቅዎ ቢያውቁ እያለ እጅ ይነሳል። ሰውዬው በራሱ አዋቂነት ይሰክርና ማብራራት ይጀምራል። ባያብራራ እኮ አይያዝም ነበር። ጠበቃዬን አነጋግር ብሎ በሩን ቢዘጋ አንዳንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ግን አይችልም፣ ይህን ዝርክርክ ሰውዬ አስተምሮ መሸኘት አለበት። ኩራቱ ነው አፉን የሚከፍተው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የታየውን የወይን ጠጅ ጠማቂውን ክፍል እንውሰድ። ገዳዩን የሚጫወተው ዶናልድ ፕሌዘንስ ነው። (መጨረሻውን ልናገር ነው፣ ግን ከላይ እንዳልኩት ምንም አይጎዳችሁም።) ለሰውዬው ወይን ጠጅ ሃይማኖት ነው። የአባቱ ልጅ የሆነው ወንድሙ ድርጅቱን እሸጠዋለሁ ሲለው በንዴት ይመታዋል፣ ከዚያ ወይኑ በሚቀመጥበት ክፍል አስሮ፣ የማቀዝቀዣውን አየር ዘግቶበት ወደ ኒውዮርክ ይሄዳል። ልጁ ታፍኖ ይሞታል። የሚያውቅ የለም። ችግሩ በእነዚያ ቀናት ከተማው ላይ ኃይለኛ ሙቀት ወርዶ ነበር። የድሬዳዋ ሰው ይህን ሲሰማ ከእኔ ቀድሞ መልሱ ላይ ይደርሳል። ኮሎምቦ ምን አደረገ? ከሰውዬው ከራሱ ክፍል አንድ ጠርሙስ አስወጣና ምግብ ቤት ውስጥ፣ እራት ላይ እንዲቀርብለት አደረገ። ሰውዬው ቀመሰው። ጮኸ። ይህ ወይን ሙቀት መቶታል፣ ተበላሽቷል ብሎ አስተናጋጆቹን አዋረዳቸው። እዚያ ከተቀመጡት ውስጥ ያንን ለይቶ ሊያውቅ የሚችል ሌላ ሰው የለም። ማቀዝቀዣው ጠፍቶ እንደነበር ምላሱ መሰከረበት። መጨረሻ ላይ ጠርሙሶቹን ወደ ባሕር ሲወረውር ኮሎምቦ ያገኘዋል፣ ከዚያ ሁለቱ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው አብረው ይጠጣሉ። ካቴና የለም፣ ግፍተራ የለም። እኛ ቤት ያንን ቀን ማንም አልሳቀም፣ አዴዋ እንዲያውም ለገዳዩ አዘነችለት።

ለምን እዚህ አገር ሰው ላይ እንዲህ ይያዛል ብዬ አስቤ አውቃለሁ። የእኛ የድሮ ችሎት እኮ እንደዚህ ነበር። በልሃ ልበልሃ፣ ተጠየቅ ልጠየቅ። ተሟጋቾቹ ቆመው በግጥምና በምሳሌ ይወጋጋሉ፣ መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ ያደምጣል፣ አንዳንዴም ና ዳኘን ተብሎ ይያዛል። ያ ሁሉ ሰው የሚቆመው ሌባውን ለማወቅ ብቻ አልነበረም። ጥያቄው እንዴት እንደሚሸረብ፣ ሰው በገዛ አፉ እንዴት እንደሚጠመድ ለማየት ነበር። ሌላም መንገድ ነበረን በርግጥ። አውጫጭኝ አለ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ማቆየት። ሌባሻይም ነበር፣ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ለቀውት የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ የሚባልበት። እሱስ ይቅርብን። ተጠየቅን ግን ስንወደው ኖረናል፣ ኮሎምቦም ከዚያ ወገን ነው። ፈጣሪዎቹ እንደተናገሩት መነሻ የሆናቸው "ወንጀልና ቅጣት" በሚባለው የዶስቶየቭስኪ ልቦለድ ውስጥ ያለው መርማሪ ፖርፊሪ ነው፣ እሱም በወሬ ነው ሰውን የሚያደክመው።

በኔ ሙያም የማውቀው ነገር ነው። መኪናውን የሰበረ ሾፌር ይመጣና ምንም አላደረግኩም፣ ዝም ብላ ቆመች ይላል። ፊት ለፊት ውሸታም ብትለው ይጣላሃል። የት የት ሄድክ፣ ዳገቱ እንዴት ነበር፣ ምን ጭነህ ነበር እያልክ ሻይ ስታጠጣው ፍሪሲዮኑን እንዴት እንዳቃጠለው ራሱ ይነግርሃል።

መኪና ካነሳሁ አይቀር ስለ መኪናው ሳልጽፍ አላልፍም። ኮሎምቦ የሚነዳት ፔጆ 403 ናት፣ እ.ኤ.አ. የ1959፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ። ፎልክ ራሱ ከስቱዲዮው ጋራዥ መርጦ ያወጣት ናት። ሌላው ዓለም ያቺን መኪና ሲያይ ይስቃል፣ የሰውዬውን ድህነት ለማሳየት የገባች መስሎት። ሐረር ላይ ማን ይስቃል? እኛ ከተማ ታክሲ ማለት ለስንት ዓመት ፔጆ 404 ነበረች፣ ባጃጁ ሳይወር። 404 የ403 ታናሽ እህት ናት፣ ሁለቱንም የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። የኮሎምቦዋ ሞተር 1,468 ሲሲ ነው፣ የ404 ደግሞ 1,618። ካምቢዮዋ መሪው ላይ ነው። መጀመሪያ ያየናት ቀን በርጫው ምርመራውን ትቶ ስለ ማርሚታዋ መከራከር ጀመረ። አንድ የድሮ ታክሲ ነጂ፣ ይህ ሰው ደሃ አይደለም፣ መኪና የሚያውቅ ሰው ነው ብሎ ደመደመ። ጣሪያዋ የሚታጠፈው 403 በጠቅላላው 2 ሺህ ገደማ ብቻ ስለተሠራች ነገሩ እውነት አለው። ዛሬ ብትሸጥ የገዳዮቹን ትልልቅ መኪና ታስንቃለች።

ካፖርቱም የፎልክ የራሱ ነበር፣ የዝናብ ካፖርት፣ ዝናብ እንደ ልብ በማይዘንብበት ሎስ አንጀለስ። ድሬዳዋ ከዚራ ላይ ያንን ለብሶ የሚሄድ ሰው ቢታይ ሰፈሩ ወጥቶ ውሃ ያጠጣዋል። አስተያየቱ ትንሽ ጠመም የሚለው ደግሞ ትወና አይደለም፣ ቀኝ ዓይኑ ሰው ሠራሽ ነው፣ በሦስት ዓመቱ በዕጢ ምክንያት ወጥቶበታል። ራሱ በቃለ ምልልስ ሲናገር፣ ተማሪ ሆኖ ቤዝቦል ሲጫወት ዳኛው ሲፈርድበት ያንን ዓይኑን አውጥቶ ይህ ሳያስፈልግህ አይቀርም ብሎ ለዳኛው ሰጠው። የኛ አገር ዳኛ ቢሆን ቀይ ካርድ ነበር። ፎልክ እ.ኤ.አ. በ2011 በ83 ዓመቱ አረፈ። ቡዳፔስት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 ከነውሻው የነሐስ ሐውልት ቆሞለታል።

ሚስቱስ? በየክፍሉ ሚስቴ እንዲህ አለች፣ ሚስቴ እርስዎን በጣም ትወዳለች ይላል፣ ግን አንድም ቀን አትታይም። እኛ ዘንድ አለች የሚሉና የለችም የሚሉ ሁለት ወገኖች አሉ። እኔ አለች ባይ ነኝ።

እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ሰውዬው የሚያቀርበው ማስረጃ አንዳንዴ ደካማ ነው፣ ጎበዝ ጠበቃ ቢገጥመው ፍርድ ቤት ላይ ይወድቅበታል። አንድን ሰው ቤቱ፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ግብዣው ላይ እየሄደ መነዝነዝም በእውነተኛ ፖሊስ ቢደረግብኝ አልወደውም። ከ1989 ወዲህ ያሉት ክፍሎችም ብዙዎቹ ተንዛዝተዋል፣ ፎልክም የራሱን ኮሎምቦ ማጋነን ጀምሮ ነበር። ግን አሮጌ ስለሆነ ቀርፋፋ ነው የሚለውን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1971 የመደበኛውን ፕሮግራም የመጀመሪያ ክፍል ያዘጋጀው ማን መሰላችሁ? ስቲቨን ስፒልበርግ፣ በ24 ዓመቱ። እስቲ ያንን አይቶ ቀርፋፋ የሚል ይምጣ።

አሁን ወደ ልመናዬ። ካና በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር ስንቱ ሰው እንደተከታተለ አይተናል። ኮሎምቦንስ በአማርኛ የሚያሰማን ጣቢያ አይገኝም? በትርጉም ፊልም መልክ ግን አይሁን። አንዱ ከላይ ሆኖ "እንግዲህ ሰውዬው ገባ፣ ጠየቀው፣ ደነገጠ" እያለ ቢተርክልን ነገሩ ይሞታል፣ ጣዕሙ ያለው ዝምታው ላይ ነውና። ጥሩ ድምፅ ያላቸው ሁለት ተዋንያን ተገናኝተው በእርጋታ ይነጋገሩት። የኛም የድራማ ደራሲዎች ልብ ይበሉ፣ እዚህ ላይ የሚፈነዳ መኪና የለም፣ ተኩስ የለም ማለት ይቻላል፣ አንድ ሳሎንና ሁለት ሰው ነው። ወጪው ሁሉ ጽሑፉ ላይ ነው፣ እሱን ደግሞ ለመጻፍ ከተጠየቅ የተሻለ ትምህርት ቤት የት ይገኛል?

ለጽሑፉ ባለቤት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። የወይን ጠጁን ክፍል ካላየኸው አስጭነህ እየው። ከዚያ ተመለስና ጻፍልን፣ ጋዜጣውን እንገዛለን። ሐረር ከመጣህም በርጫው ላይ ቦታ አለህ፣ አስተማሪያችን ግን ከራሱ እንደሚጨምርብህ ከወዲሁ እወቅ።

አንድ የጋራዥ ሠራተኛ
ከሐረር