ለቀብር የሚደርሰው እድር ለአስታማሚዋም ይድረስላት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስትሮክ መቷቸው የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሰዎችን በየቤታቸው እየሄድን የምንከታተል ነርሶች ነን። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ አስታማሚዎቻቸው ነው። አስታማሚዋ አንዳንዴ ልጅ ናት፣ አንዳንዴ ሚስት፣ አንዳንዴም ለምግብ ሥራና ለልብስ አጠባ ተቀጥራ የገባች፣ ሕመሙ ሲመጣ ግን ጥላ ያልሄደች የቤት ሠራተኛ። ባል ወይም ወንድ ልጅ የሚያስታምምበት ቤትም አለ፤ በብዛት ግን ሴት ናትና «እሷ» ብለን እንቀጥላለን። ጠያቂ ሲመጣ ወንበር አቅርባ፣ ቡና አፍልታ፣ ወደ ጓዳ የምትመለሰው እሷ ናት። ጠያቂው ስለ ታማሚዋ ጠይቆ፣ እግዜር ይማርሽ ብሎ፣ ያመጣውን ሙዝና ዳቦ አስቀምጦ ይወጣል። የእሷን ሥራ ግን አያየውም፤ አብዛኛው ሌሊት ላይ ነውና።

እስቲ በቁጥር እንየው። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ መቀየር አለበት። በቀን 12 ጊዜ፣ በሳምንት 84 ጊዜ ነው። ማታ በ4 ሰዓት አዙራ ጋደም ብትል በ6፣ በ8፣ በ10 ሰዓት ትነሳለች፤ 12 ሰዓት ላይ ይነጋል። ሁለት ሰዓት የሞላ እንቅልፍ ካገኘች ጥሩ ሌሊት ነው። ይህ ለሳምንት ወይም ለወር ቢሆን ማንም ይችለዋል። እኛ የምናያቸው ግን ዓመትና ሁለት ዓመት እንዲህ የሚያድሩ ናቸው።

ለምን ሁለት ሰዓት? አጥንትና ፍራሽ መሃል የተጨመቀ ሥጋ ደም አያገኝም፤ ደም ያላገኘ ሥጋ ይሞታል። ቶሎ የሚጎዱት ከወገብ በታች ያለው የጅራት አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርንና የጭንቅላት ጀርባ ናቸው። የአልጋ ቁስል ሲጀምር «ቆዳው ይቀላል» እየተባለ የሚነገረው ምክር በእኛ ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ አይሠራም። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይም፤ ከዙሪያው ይበልጥ ጠቁሮ ወይም ወደ ወይን ጠጅ አዘንብሎ ነው የሚታየው። ስለዚህ ከዓይን ይልቅ እጅን ማመን ይሻላል። በእጅ ጀርባ ሲዳሰስ ከጎኑ ካለው ቆዳ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የጠጠረ ወይም እንደ ስፖንጅ የላላ ቦታ ከተገኘ፣ ያ ቦታ እስኪያገግም ድረስ አይተኛበትም። ማሸትም አይገባም። ደም ይዘዋወርለት ብሎ ቅባት ቀብቶ የሚያሽ ብዙ ሰው አለ፤ ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ይበልጥ ይቀዳድደዋል። ተጎድጉዶ የተሠራ የቀለበት ትራስ ከታች ማድረግም እንደዚያው ነው፤ ጫናውን ወደ ዙሪያው ገፍቶ መሃሉን ደም ያሳጣዋል።

አገላበጡ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አሮጌ አንሶላ ለሁለት ታጥፎ ከትከሻ እስከ ጭን ድረስ ከሥር ይነጠፋል። ሰውነቱን ከመጎተት አንሶላውን መሳብ፤ ቆዳ ፍራሽ ላይ ሲጎተት ይላጣልና። ብቻዋን ከሆነች የራቀውን ጉልበት ታጥፋለች፣ አንድ እጇን ትከሻ፣ አንዱን ዳሌ ላይ ታደርግና ወደ ራሷ ታዞራለች። ሙሉ በሙሉ በጎን ማስተኛት ዳሌውን ይጫነዋል፤ ጀርባው ላይ ትራስ ተደግፎ ጋደል ማለት ይበቃል። አንድ ትራስ በጉልበቶች መካከል፣ አንዱ ከባት ሥር፣ ተረከዙ አየር ላይ እንዲንሳፈፍ። ይህን ያህል ትራስ የሌለው ቤት ብዙ ነው፤ የተጠቀለለ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ያንኑ ይሠራል። የአንሶላ ሽብሽብ፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ የተረሳ ቁልፍ፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት ቁስል ሊጀምሩ ይችላሉ። እሷ ይህን ስለምታውቅ በባትሪ ብርሃን አንሶላውን በመዳፏ ትዳብሳለች።

ውጭ አገር ያሉ ልጆች በአየር የሚነፋ ፍራሽ ይልካሉ። ጥሩ አድርገዋል፣ ይጠቅማል። ግን ማገላበጡን አይተካም፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀስ በቀስ ይተነፍስና ሰውየው ባዶው ጣውላ ላይ ያርፋል። ላኪዎቹ በስልክ «ፍራሹ ደረሰ አይደል?» ይላሉ፤ እሷም «ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልን» ትላለች፤ ሌሊት በ8 ሰዓት እንደምትነሳ አትነግራቸውም።

ምግቡ ከማገላበጡ ይብሳል። ስትሮክ የመዋጥን ሥርዓት ያዛባል፤ ወደ ሆድ መሄድ ያለበት ወደ ሳንባ ይገባና የሳንባ ምች ያመጣል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ከሁሉ አደገኛው ቀጭኑ ፈሳሽ ነው፤ ውሃ ቶሎ ስለሚወርድ የአየር ቧንቧው ሳይዘጋ ይደርሳል። ወፈር ያለ አጥሚት ከውሃ ይሻላል። ታማሚው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ ያደርጋል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይጎርሳል፣ መዋጡ ይታያል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሌላ የሚሰጠው። በሰነፈው ጉንጭ ውስጥ ምግብ ይደበቃልና በስተመጨረሻ በጣት ላይ በተጠቀለለ እርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ከበላ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ተቀምጦ ይቆያል። ሲበላ ካሳለው፣ ድምፁ ውሃ እንደያዘ ጉሮሮ ከተንቦቀቦቀ፣ ምግቡ ይቆምና ሐኪም ይጠየቃል። አንድ ምሳ በዚህ መልክ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ የእሷ ምሳ እስከዚያ ይቀዘቅዛል።

እዚህ ላይ ጠያቂዎችን በአክብሮት የምንለምነው አለ። በእምነት ተነሳስታችሁ ፀበል ይዛችሁ ስትመጡ፣ በጀርባው ለተኛ ሰው አፍ ውስጥ አታንቆርቁሩ። ፀበሉም ውሃ ነውና ወደ ሳንባ ይገባል። ግንባሩን ቀቡት፣ ሰውነቱን ርጩት፤ ይቅመስ ካላችሁ መጀመሪያ አስታማሚዋን ጠይቁ። ውሃ እንዲርቀው ተብሎ ከሆነ እሷ ታውቃለች፤ ይችላል ከተባለም ቀና አድርጋ፣ በማንኪያ ጠብታ ጠብታ እሷ ትስጠው። እሷ ስትከለክል እምነት ያነሳት ይመስላችሁና ትቆጧታላችሁ። ስንት ጊዜ እንዳየነው።

ሌላው የጠያቂ ስህተት ብብት ይዞ ማንሳት ነው። የሰነፈው ትከሻ ጡንቻው ልል ስለሆነ ክንዱ ሲሳብ ከመገጣጠሚያው ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሕመም ወራት ይቆያል። ለማንሳት የፈለገ ሰው ሁለተኛ ሰው ጠርቶ ያንን የታጠፈ አንሶላ በሁለት በኩል ይያዝ።

ሽንት በቱቦ ለሚወጣለት ሰው ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው በታች ይንጠለጠላል፣ መሬት ግን አይነካም፤ ሲገለበጥ አልጋው ላይ ከተረሳ ሽንቱ ተመልሶ ይገባል። ቱቦው እንዳይታጠፍ፣ ሽንቱ እንዳይደፈርስ፣ ትኩሳት እንዳይመጣ በየቀኑ ማየት ነው። የቆሸሸ አንሶላ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፤ ሙቅ ውሃ ደሙንና ሰገራውን ጨርቁ ላይ ያደርቀዋል። ከዚያ 5 በመቶ በሆነ በረኪና አንድ እጁን ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሎ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ ቀጥሎ ማጠብ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ሁሉ በጀሪካን ነው። ገላ የሚታጠበውም በዚያው ውሃ ነው፤ መጀመሪያ ፊት፣ መጨረሻ ብልት፣ ሴት ስትሆን ከፊት ወደ ኋላ፤ በጣቶችና በጡት ሥር ያለው እጥፋት በደንብ ይደረቃል።

እስካሁን የዘረዘርነውን አንድ ጎበዝ ሰው በሳምንት ይማረዋል። የምናከብራት ግን በዚህ ብቻ አይደለም። ስትሮክ ጠባይም ይለውጣል። የተጎዳው የአንጎል ክፍል ቁጣንና ለቅሶን መግታት ሲያቅተው፣ የዋህ የነበረች እናት ትሳደባለች፣ ማንኪያ ትወረውራለች፣ ሌባ ናት ብላ ለጠያቂ ትናገራለች። ስድቡ የሚያርፈው የታማሚዋን ሽንት በምትጠርገው ላይ ነው። እሷም «በሽታው ነው» ትልና በ8 ሰዓት ተመልሳ ትመጣለች። ጎረቤት ዘንድ ደግሞ አታወራውም፤ የእናትየዋ ስም እንዲጎድፍ አትፈልግም። እንግዳ ሲገባ ቀድማ የምታደርገው ነጠላ አንስታ የተራቆተውን እግር መሸፈን ነው። ከመገልበጧ በፊት «እማማ፣ አሁን ወደ መስኮቱ ላዞርሽ ነው» ትላለች። መናገር ያቃታት ሴት መስማት አቅቷታል ማለት እንዳልሆነ ማንም ሳይነግራት ገብቷታል፤ ጠያቂዎች ግን አልጋው ሥር ተቀምጠው «ምነው ጌታ በሰበሰባት» ይላሉ። ታማሚዋ ትሰማለች። እባካችሁ ተዉ።

አስታማሚዋ በበኩሏ ወገቧ ይያዛል፣ የራሷን የግፊት መድኃኒት ትረሳለች፣ ከሥራ ትቀራለች። ስትወድቅ ቤቱ በሙሉ ይወድቃል። ቁስል ወጣ ተብለን ስንጠራ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ከስንት ቀን በፊት ነው የታመምሽው?» ብለን ነው። ቁስሉ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እሷ ጉንፋን ይዟት ሁለት ሌሊት በተኛችበት ሳምንት ነው፤ ቸልተኛ ናት ብሎ የሚፈርድባት ዘመድ ይህን ይወቅ።

ወደ ጥያቄያችን እንምጣ። እድሮቻችን ሰው ሲሞት የሚያደርጉት ነገር ያስደንቃል። ጥሩምባው ይነፋል፣ በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ድስት ይወጣል፣ ማን እንደሚያድር፣ ማን ውሃ እንደሚቀዳ ይታወቃል፣ የቀረ ይቀጣል። ያ ሁሉ ችሎታ ታማሚዋ በሕይወት ባለችበት ሁለት ዓመት ውስጥ የለም። አዲስ ነገር አይደለም የምንጠይቀው፤ በ1990ዎቹ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሳይጀምር፣ በአዲስ አበባ አንዳንድ እድሮች ከቀብር አልፈው በየቤቱ የተኙ ሕመምተኞችን ወደ መርዳት ዞረው ነበር።

ለእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች የምናቀርበው ይህ ነው። የአልጋ ቁራኛ ላለበት አባል ቤት ተራ ይውጣ። በሳምንት ሦስት ሰው፣ እያንዳንዱ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 11 ሰዓት። ሦስት ሰዓት ያልነው በመሃሉ አንድ መገላበጥ ስላለ ነው። የመጀመሪያ ቀን ተረኛው ከእሷ ጋር ሆኖ ሁለት ጊዜ ያገላብጣል፤ እሷ ታስተምረዋለች። ከዚያ ወዲያ እሷ ትተኛለች፣ ተረኛው ይቀመጣል። ቤት መጥረግ አይጠበቅበትም፣ ቡናም አይፈላለትም፤ ቡና ከፈላ እረፍቷ ቀረ። ምግብ መስጠት የተረኛ ሥራ አይሁን፣ ያንን እሷ ከመተኛቷ በፊት ትጨርሰዋለች። ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍና ሰዓቱና የተኛችበት ጎን ይጻፍ፦ «8 ሰዓት፣ ግራ። 10 ሰዓት፣ ጀርባ።» ያለ ወረቀት ሁለት ሰው ተራ ሲቀያየር አንዱ ጎን ይደገማል።

ከእድሩ ሣጥን ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ በቅድሚያ ፍራሽ የሚሸፍን ላስቲክ፣ ጓንት፣ በረኪና፣ ሳሙና ይገዛ። አባላት ደግሞ በየቁም ሣጥኑ የተቀመጠ አሮጌ ግን ንጹሕ የጥጥ አንሶላ ያምጡ፤ ለአንድ ታማሚ ስድስት ቢኖር ዝናብ በሚሆንበት ወር እንኳ የሚቀየር አይጠፋም። ብርቱካኑና ሙዙ ይቅር አንልም፤ መዋጥ ለማይችል ሰው የመጣ መሆኑን እያወቃችሁ፣ ለእሷ ነው ብላችሁ በእጇ ስጧት።

በየወረዳው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ተረኞችን አንድ ከሰዓት ሰብስበው አገላበጡን በአንድ ሰው ላይ ቢያሳዩ ይበቃል። ለመለማመጃ የሚያስፈልገው አንድ ፍራሽ፣ አንድ አንሶላና ሦስት ትራስ ነው። የእድሩ ጸሐፊ ደግሞ በሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባ፣ መዋጮ ከመቀበሉ በፊት፣ «በአባላቶቻችን ቤት አስታማሚ አለች ወይ? ለመጨረሻ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ የተኛችው መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን በመዝገቡ ላይ ይጻፍልን።

በቤት ለቤት ሕክምና የምንሠራ ነርሶች
ከአዲስ አበባ