ሪፈር ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የጡት ካንሰር እንዳለባት የተነገራት እናት ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ተነስታ አዲስ አበባ ስትደርስ፣ በእጇ የያዘችው ብዙ ጊዜ ሪፈርና የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤት ብቻ ነው። የቀዶ ሕክምና ተራ የሚረዝመው በአልጋና በሐኪም ማነስ ብቻ አይደለም፤ የተወሰደላት ናሙና አብሯት አለመምጣቱም ያስረዝመዋል።

ከእብጠቱ በመርፌ የተወሰደው ናሙና ፎርማሊን ውስጥ ቆይቶ በሰም ይደፈናል። ብሎክ የሚሉት ይህ የጣት ጫፍ የምታህል ሰም ላቦራቶሪ ትቀራለች። ዕጢው በሆርሞን ወይም ኸር-2 በሚባል ፕሮቲን የሚያድግ መሆኑን የሚያሳየው የሆርሞንና የኸር-2 ምርመራ የሚሠራው ከእሷ ላይ በስሱ ተቆርጦ ነው። ኬሞ ይቅደም ወይስ ቀዶ ሕክምናው የሚለውን ለመወሰን ሐኪሙ ይህን ውጤት ይፈልገዋል። ብሎኩ ካልመጣ ታማሚዋ ተመልሳ ታመጣለች፣ አለዚያ እንደገና ትወጋለች። ከደብረ ብርሃን እንኳ ደርሶ መልሱ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከመንዝና ከመርሐቤቴ ለምትመጣውማ ስንት ቀን ይፈጃል! ስለዚህ ሪፈር ሲጻፍ ብሎኩንና ስላይዱን (ስሱ ናሙና የተለጠፈበትን መስታወት) ፈርማችሁ ተረከቡ። ሰሙ እንዳይቀልጥ ፀሐይ በሚመታው የመኪና መስታወት ሥር አታስቀምጡት።

«ብረት ከነካው ይዛመታል» የሚባለው ብዙዎችን ከሕክምና አስቀርቷል። በመርፌ ናሙና መውሰድ በሽታውን አያዛምትም፤ የሚጎዳው መዘግየት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናት የጡት ቀዶ ሕክምና በየ4 ሳምንቱ ሲዘገይ የሞት አደጋው 8 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ይህን ሰምቶ መደንገጥ ግን አይገባም። ምርመራ ለማሟላት የሚሄዱት ሁለት ሦስት ሳምንታት የባከኑ አይደሉም። ቀጠሮው ወራት የሚርቅ ከሆነ፣ ዕጢዋ ሆርሞን ተቀባይ ለሆነ ታማሚ በቀን 20 ሚሊ ግራም ታሞክሲፈን (ሆርሞኑ ዕጢው ላይ እንዳይሠራ የሚከላከል ክኒን) እስከ ቀዶ ሕክምናው መጀመር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ነፍሰ ጡር ግን አትወስደውም።

ደም ማነስ፣ ስኳርና ግፊት ቀድመው ይታዩ፤ በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ከተገኙ ቀጠሮው ሊሰረዝ ይችላል። በጾም ወራት ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ አይጓደሉ፤ ሰውነቷ ከከሳ የንስሐ አባቷን ታማክር። ክንዷን በየቀኑ ወደ ላይ እያነሳች ትከሻዋን ታፍታታ፣ በኋላ ይጠቅማታል። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳት ፍርሃት የእምነት ማነስ አይደለምና ቤተሰብ «አታስቢ» ከማለት ይልቅ አብሯት ይቀመጥ። ጠበሉንም ትጠመቅ፣ ቀጠሮዋን ግን አትዝለል።

ጡቷ ቆስሎ ከደማ ወይም ትኩሳት ከያዛት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ወገቧን አሟት እግሯ ከዛለ ተራ ሳትጠብቅ በአስቸኳይ ትሂድ።

ለጤና ተቋማት ኃላፊዎች አንድ ልመና አለኝ። ተራው ሲደርስ የሚደወለው ታማሚዋ ባስመዘገበችው ስልክ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ያለች ሴት ስልኳ ዝግ ሆኖ ተራዋ እንዳያልፍ፣ የታማሚዋ ብቻ ሳይሆን የአስታማሚዋም ቁጥር ካርዱ ላይ ይመዝገብ፤ እሷም ደውላ የምትጠይቅበት ቁጥር ተጽፎ ይሰጣት።

ከደብረ ብርሃን