አንቺም ጭነት ነሽ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 2018

ይድረስ ለልጄ፣

እንኳን ተወለድሽ እማ። 26 ሞላሽ። እናትሽ ጠዋት ቡና እያፈላች «ይሄኔ ነበር ምጡ የጠናብኝ» ስትል ነበር። እኔ ግን ዓይኔ የላክሽው ፎቶ ላይ ቀረ። ታንኳው ያምራል። ሸራውም ያምራል። አንቺና ጓደኛሽ ትስቃላችሁ። ውሃው ግን ከታንኳው አፍ አራት ጣት አይርቅም። ሾፌር ፎቶ ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ጭነቱን ነው፣ ምን ላድርግ።

ለልደትሽ በዚሁ ታንኳ ተሻግራችሁ ጂቡቲ ያለው ሙሻ ደሴት ልታድሩ ነው አሉ። «ታንኳው 180 ኪሎ ይችላል አባ፣ አታስብ» ብለሽ ጽፈሻል። ቁጭ ብዬ ደመርኩ። አንቺ 62። ጓደኛሽ፣ ይቅር ትበለኝና፣ ከ70 አታንስም። ሸራው ከነምሰሶው 12 እንበል። አንድ ጄሪካን ውሃ 20። ድንኳኑ፣ ምግቡ፣ ልብሱ 25። 189 መጣ! አንቺ የቆጠርሽው ሻንጣውን ብቻ ነው። አንቺም ጭነት ነሽ ልጄ።

ታናሽሽ ደግሞ ስልኳ ላይ አንብባ አስረዳችኝ። 180 ማለት የመጨረሻው ጥግ ነው እንጂ ተመችቶሽ የምትሄጂበት ልክ አይደለም። ልምድ ያላቸው ከሁለት ሦስተኛው አያልፉም አለችኝ። ያ 120 ነው። እናንተ ባዶ እጃችሁን ብትቀመጡ 132። ታንኳው ሲከብድ ወለሉ ላይ ባሉት ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ውሃው ወደ ላይ ይገባል። አልታጠፍም ይላል። በዚያ ላይ ሸራ አለው፤ ነፋስ ወደ ጎን ሲገፋው ሊያጋድል ነው።

የአጎትሽን እግር ታውቂዋለሽ። «ፍሬን እምቢ ብሎ ነው» እያልኩ ነው ያሳደግኳችሁ። ፍሬኑን በሐሰት ነው የከሰስኩት። ያኔ ከሐረማያ ድንች ጭነን ስንወርድ አይሱዙዋ ላይ 35 ኩንታል ነበር፤ ልኳ ነው፣ አንድም አላሳለፍኩም። እንዲያውም ጉራዬን እየነፋሁ ነበር። ከዚያ ከገበያ የሚመለሱ ዘጠኝ ሰዎች ከላይ ወጡ። ገንዘብ ነው፣ እሺ አልኩ። ዘጠኝ ሰው ስድስት ኩንታል እንደሆነ አልታሰበኝም። ሰው ጭነት አይመስልማ! ደንገጎ ቁልቁለቱ መሃል ፍሬኑ ጋለ። ገደሉን ሸሽቼ ወደ ተራራው አስጠጋኋት። ሌላው በጭረት ተረፈ። አጎትሽ ረዳቴ ስለነበር ዘሎ ድንጋይ ሊያስገባ ወርዶ ነው ጎማው እግሩን ያገኘው።

አንድ ቀን ቀና ብሎ አልወቀሰኝም። በ1998 ክረምት ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ፣ በዚያ በማይታጠፍ እግሩ ትከሻው ላይ አድርጎ ያወጣሽ እሱ ነው። ስድስት ዓመትሽ ነበር። ያቺን ሌሊት እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። እሱን ሳይ እስከዛሬ አንገቴን እደፋለሁ።

አሁን ስሚኝ። አትከራከሪኝ።

ጓደኛሽ የራሷን ታንኳ ትከራይ። ሁለት ታንኳ ለሁለታችሁም ይሻላል፤ አንዱ ቢገለበጥ ሌላው አለ። ድንኳኑንና ምግቡን ወደ ደሴቱ የሚሄድ ሞተር ጀልባ ይውሰድላችሁ፣ ጥቂት ፍራንክ ነው፣ ካነሰሽ ከኔ። የመጠጥ ውሃውን ግን ካንቺ አትለዪው። በአንድ ጄሪካን አይሁን፣ በትንንሽ ላስቲክ ይሁን። ግማሽ የጎደለ ቦቴ ነድቼ አውቃለሁ፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ነው የሚነዳሽ። ከባዱን ነገር መሃል ላይ፣ ከመቀመጫሽ አጠገብ፣ ታች አድርጊው። አፍንጫው እንዳይከብድ፤ ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ማዕበሉ ውስጥ ይሰካል። ሁሉንም እሰሪ። ያልታሰረ ጭነት ታንኳው ሲያጋድል ወደዚያው ይሮጣል።

መጀመሪያ ጉልበትሽ በሚደርስ ውሃ ላይ ጭነሽ ሞክሪው። ነፋሱ ከበረታ ደሴቱ ይቅር፣ ልደት እዚያው አርታ ባሕር ዳርቻም ይከበራል። የጂቡቲ ነፋስ እንደ ድሬ ነፋስ አይደለም አቦ።

እናትሽ በባቡር በርበሬና ሽሮ ልካለች፣ ነገ ጣቢያ ሄደሽ ተቀበይ። ሦስት ሦስት ኪሎ ነው። ታንኳው ላይ እንዳታወጪው! ለአጎትሽ የጉልበት ቅባቱን፣ ያንን ባለፈው የላክሽውን፣ ሁለት ግዢለት። እኔ ነኝ ያልኩሽ ግን አትበይው።

አንቺም ጭነት ነሽ። ሦስተኛ ጊዜ ጻፍኩት መሰለኝ፤ ይሁን። ዛሬ ማታ ሚዛን ላይ ውጪና ቁጥሩን ላኪልኝ። ልብስሽን ለብሰሽ፣ ጫማሽን አድርገሽ፣ ላይፍ ጃኬቱንም አጥልቀሽ። 62 ያልኩት የዛሬ ሁለት ዓመቱን ነው።

አባትሽ