ለደንበኞቻችን፦ ስለ ዋልካውና ስለ ቤታችሁ መሠረት

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ፕሮፎርማ ስንሰጥ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «ይህን ሁሉ ብር መሬት ውስጥ ልቅበረው?» ትላላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ በጽሑፍ እንመልስ።

የኮምቦልቻ ሜዳም ሆነ የጃማና የወረኢሉ መሬት ብዙው ዋልካ ነው። በዚህ ጥቁር ሸክላ ውስጥ ሞንትሞሪሎናይት የሚባል ማዕድን አለ። እንደ ስስ ወረቀት የተነባበረ ነው፤ ውሃ በመሃሉ ሲገባ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በልግ በሚዘንብበት አካባቢ ደግሞ ይህ በዓመት ሁለቴ ይሆናል። ፎቅ በክብደቱ ይጫነዋል። ባለ አንድ ወለል ቤት፣ በረንዳና አጥር ግን ይነሳሉ። በነሐሴ አልዘጋ ብሎ ያስቸገረ በር በጥር ልክ ከገባ፣ ከመስኮት ጥግም ሰያፍ ስንጥቅ ከወጣ፣ ጣጣው ከሥር ነው።

ሳይታችሁ መጥተን አፈር የምንወስደው ለዚህ ነው። ደርቆ የተነፋ 10 ሚሊ ሊትር አፈር ውሃ ባለበት መለኪያ ውስጥ ጨምረን 24 ሰዓት እንተወዋለን። በማግስቱ አብጦ 15 ሚሊ ሊትር ካልደረሰ ብዙም አያሰጋም። 20 ካለፈ ግን መሠረቱ የተለየ ሥራ ይፈልጋል።

ዋልካው ጥልቅ ካልሆነ ቆፍረን እናወጣና ገረጋንቲ (የማያብጥ ጠጠራማ አፈር) እየጠቀጠቅን እንሞላለን። ጥልቅ ከሆነ የላይኛውን ክፍል ከኖራ ጋር እናደባልቃለን። መጠኑ እንደ አፈሩ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቅ ክብደቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይሆናል።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። እኛ ራሳችን የሠራነው አንድ ቤት ይህን አስተምሮናል። ቆፈርን፣ ሞላን፣ ጠቀጠቅን። የአሸንዳውን ቱቦ ግን ግድግዳው ጥግ ላይ ተውነው። ገረጋንቲው የጣሪያውን ውሃ እንደ ገንቦ ያዘው፤ ዙሪያው ያለው ዋልካ ጠጥቶ ጥጉን አነሳው። የቤቱ ባለቤት እማማ ጣታቸውን ስንጥቁ ውስጥ ከተው ሲያሳዩን በጣም አዘንን። በራሳችን ወጪ አስተካከልነው።

ከዚያ ወዲህ በቤቱ ዙሪያ 1 ሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘነበለ ኮንክሪትና የውሃ መውረጃ ቦይ ሳናስገባ ፕሮፎርማ አንሰጥም። ዋጋ ለመቀነስ ብላችሁ እነዚህን እንድንሰርዝ አትጠይቁን፤ ከሁሉም የሚበልጡት እነሱ ናቸው።

ቤታችሁ ያለቀላችሁ ደግሞ ግድግዳ ሥር አበባ አታጠጡ። ባሕር ዛፍም አጠገቡ አትትከሉ፤ እርጥበቱን መጥጦ አፈሩን ያኮማትረዋል። ከሰኔ በፊት አሸንዳችሁን ጥረጉ። ስንጥቅ ካያችሁ አብሽሩ፣ በልስን ከመድፈናችሁ በፊት ብቻ ደውሉልን። መጥተን ውሃው በየት እንደሚገባ አብረን እናያለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምቦልቻ የግንባታ ባልደረቦቻችሁ