የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አገር የምትወለደው መቼ ነው?

የታሪክ ክበባችን የዘንድሮ ርዕስ «አዳዲስ አገሮች እንዴት ይፈጠራሉ?» የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ አባላቱ የመረጡት ጦርነት ስለሚበዛበት ነው። ጦርነቱም አልቀረባቸውም። ዓመቱን ሙሉ ያጨቃጨቀን ግን የቀን ጉዳይ ሆነ። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጭቅጭቁ የመጣው ከግድግዳ ጋዜጣው ነው። ከየአገሩ ስም ፊት የነጻነት ዓመት ይጻፍ ተባለ። ቀላል ሥራ ይመስላል። አሜሪካ ላይ ሲደርሱ አንዱ ቡድን 1776 አለ፤ ሌላው 1783። ሁለቱም ልክ ናቸው። በመጀመሪያው ነጻነት ታወጀ፣ በሁለተኛው ብሪታንያ በፓሪስ ውል አመነች። ኢንዶኔዥያም ያው ነው። ነጻነቷን በኦገስት 1945 አወጀች፤ ኔዘርላንድስ ሥልጣን ያስረከበችው ግን ከአራት ዓመት ውጊያና ድርድር በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ ሦስት ዓምድ ሠራን፦ የታወጀበት፣ ጦርነቱ ያበቃበት፣ እውቅና የተገኘበት።

ሦስተኛው ዓምድ ብዙዎቹን ያናደደ ነበር፤ በተለይ በሄይቲ። ሄይቲ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሳለች ባሪያዎቹ በ1791 ተነሡ። መሪያቸው ቱሳን ሉቨርቱር ተይዞ ፈረንሳይ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ትግሉን የጦር አዛዡ ደሳሊን ቀጠለ፤ የናፖሊዮንን ጦር አሸንፎ ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ነጻነት አወጀ። እዚህ ድረስ ክፍሉ በሙሉ በደስታ ተከታተለ። ፈረንሳይ እውቅና የሰጠችው ግን በ1825 ነው፤ ያውም የጦር መርከቦች ልካ፣ ለቀድሞዎቹ ባለርስቶች 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ ይከፈል ብላ። «ያሸነፈ ካሳ ይከፍላል እንዴ?» አለች አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ። ከፈሉ። ገንዘቡ በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ቢቀነስም፣ እሱን ለመክፈል የተበደሩት ዕዳ አገሪቱን እስከ ቀጣዩ ክፍለ ዘመን ተከትሏታል። ራሷ በጦርነት ነጻ የወጣችው አሜሪካ እንኳ እስከ 1862 ለሄይቲ እውቅና አልሰጠችም።

የሁለተኛው መንፈቅ ትልቁ ዝግጅት ክርክሩ ነበር፦ «ነጻነት የሚያመጣው ጠመንጃ ነው ወይስ ጠረጴዛ?» ሁለቱም ወገኖች ዋና ማስረጃ ያደረጉት አልጄሪያን መሆኑ አስቆኛል። የጠመንጃው ወገን ከኖቬምበር 1954 ጀምሮ የተደረገውን የሽምቅ ውጊያ ዘረዘረ። የጠረጴዛው ወገን በ1957 የፈረንሳይ ጦር በአልጀርስ ከተማ የነበረውን የታጋዮች መረብ እንደበጣጠሰው አስታወሰ። ታዲያ በጦር ሜዳ እየተጎዱ እንዴት አሸነፉ? በ1958 ካይሮ ላይ ጊዜያዊ መንግሥት አቋቋሙ፣ ጉዳያቸውን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስነሡ፣ በ1962 ኤቪያን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ከፈረንሳይ ጋር የተኩስ አቁም ስምምነት ተፈራረሙ። ዳኞቹ ለጠረጴዛው ፈረዱ። እኔ አልተስማማሁም። ጠመንጃው ባይኖር ወደ ጠረጴዛው ማን ይጠራቸው ነበር?

ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ሥራ ግን የጊኒ ቢሳው ጥናት ነው። አሚልካር ካብራል የግብርና ባለሙያ ነበር። ድርጅቱ ፖርቱጋልን እየተዋጋ፣ ነጻ ባወጣቸው አካባቢዎች ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ከፈተ፤ በ1972 ምርጫ እንኳ አካሄደ። ነጻነት የታወጀው በሴፕቴምበር 1973 ነው፤ ፖርቱጋል ገና ዋና ከተማውን ይዛ እያለች። ብዙ አገሮች ወዲያው እውቅና ሰጡ። ፖርቱጋል ራሷ ያመነችው በ1974፣ የገዛ ወታደሮቿ ሊዝበን ላይ አምባገነኑን መንግሥት ከገለበጡ በኋላ ነው። ካብራል ይህን አላየም። በጃንዋሪ 1973 በጎረቤት ጊኒ ዋና ከተማ በኮናክሪ ተገድሏል።

ስላልተሳካላቸውም አጥንተናል። ቢያፍራ ከናይጄሪያ መለየቷን በ1967 አወጀች፤ ባንዲራም፣ ጦርም፣ የራሷ ገንዘብም ነበራት። እውቅና የሰጧት ታንዛኒያ፣ ጋቦን፣ ኮትዲቯር፣ ዛምቢያና ሄይቲ ብቻ ናቸው። (አዎ፣ ሄይቲ! ክፍሉ አጨበጨበ።) የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከቅኝ ግዛት የተወረሱ ድንበሮች ይከበሩ ብሎ በ1964 ወስኖ ነበርና አብዛኞቹ አገሮች ከናይጄሪያ ጎን ቆሙ። በጃንዋሪ 1970፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው በረሃብ ካለቀ በኋላ፣ ቢያፍራ እጅ ሰጠች። ደቡብ ሱዳንን ለማየት ያገኘነው አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2011 ወደ 99 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ ለነጻነት ተሰጠ፣ በ2013 መጨረሻ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ይህ ለብቻው አንድ ዓመት ይፈልጋል።

በፈተና ሰሞን የአባላት ቁጥር መመናመኑ አልቀረም። ቢሆንም ባለሦስት ዓምዱ ሠንጠረዥ አልቋል፤ ቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ተለጥፏል። አትላሶቹን ላዋሱን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ምስጋናችን ብዙ ነው።

የሚቀጥለው ዓመት ርዕስ ያለ ጦርነት የተለያዩ አገሮች ናቸው። በኖርዌይ እንጀምራለን። በ1905 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከስዊድን መለየትን የተቃወሙት 184 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሴቶች ድምፅ መስጠት ስላልተፈቀደላቸው የድጋፍ ፊርማ አሰባሰቡ። አባላቱ ከአሁኑ «እነዚያ 184ቱ እነማን ናቸው?» እያሉ ነው። መልሱን መፈለግ የሚፈልግ መስከረም ላይ ይመዝገብ።