ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፦ የላቦራቶሪ ማሽኖቻችን ይገናኙ

የተከበራችሁ የኢንስቲትዩቱ ኃላፊዎች፣

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የምጽፍላችሁ በየቀኑ ስለምሠራበት የቲቢ መመርመሪያ ማሽን፣ ስለ ጂንኤክስፐርት ነው። የታካሚው ናሙና የሚጨመርበት ትንሽ ዕቃ፣ ካርትሪጁ፣ ማሽኑ ውስጥ ከገባ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቲቢ መኖር አለመኖሩን ይነግረናል። ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት ተላምዶ እንደሆነም እዚያው ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ያዘገማል። ውጤቱን ከኮምፒውተሩ አይተን መዝገብ ላይ በእጅ እንገለብጣለን። ከመዝገቡ ወደ ውጤት ወረቀት፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ወደ ሪፖርት። አንድ የመለያ ቁጥር ከተሳሳተ፣ ውጤቱ የማን እንደሆነ ፍለጋ ይጀመራል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የተገኘበት ሰው እስከዚያ ድረስ ከቤተሰቡ ጋር እየኖረ ነው።

ከውጤቱ ሌላ የምናጣውም አለ። የእኛ ማሽን አራት ሞጁል፣ ማለትም ካርትሪጅ የሚገባባቸው አራት የመመርመሪያ ክፍሎች አሉት። አንዱ መበላሸት ሲጀምር የኤረር (የስህተት) ኮድ ይደጋግማል። ኮዱ ግን እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል። ወደ ሀገራዊው የጤና መረጃ ሲስተም፣ ወደ ዲኤችአይኤስ 2 የሚገባው ወርሃዊ ድምር ነው፤ ኤረሩ የየትኛው ሞጁል፣ የየትኛው ካርትሪጅ ሎት (የምርት ዙር) እንደሆነ ከድምሩ አይታይም። እኛ ዘንድ አንድ ሞጁል እንዲህ ሲያስቸግር ከርሞ ቆመ። እስኪቆም ድረስ ካርትሪጅ ባከነ፣ ታካሚዎችም አክታ በድጋሚ እንዲሰጡ ተጠሩ። የማሽኖቹ መረጃ አንድ ቋት ውስጥ ቢገባ፣ ያው ሎት ሌላ ቦታም እያስቸገረ እንደሆነ በቶሎ ይታይ ነበር። ካልሆነ ጥፋቱ የሞጁሉ ነው፤ ባለሙያ ይላካል።

ስለዚህ ማሽን ሲገዛ፣ መረጃውን ወደ ሌላ ሲስተም የመላክ አቅሙ በውሉ ውስጥ ይግባ። ኤችኤል 7ን የመሰሉ የመረጃ መለዋወጫ ደንቦች ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። ከግዢ በኋላ መደራደር ግን ከባድ ነው። መብራትም ኔትወርክም ይጠፋልና መረጃው እዚያው ተቀምጦ ኔትወርክ ሲመለስ የሚላክ ይሁን። የታካሚ ስም ለጋራ ትንተና አያስፈልግም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ።

ከሁሉ በላይ የምለምነው፣ መረጃው ወደ ላይ ብቻ ሄዶ እንዳይቀር ነው። የወረዳ ሆስፒታል ባለሙያ የራሱን ማሽን ከሌሎቹ ጋር አስተያይቶ ማየት መቻል አለበት። ኮዱን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ሥራው በጥቂት ጣቢያዎች በሙከራ ቢጀመር እንኳ፣ ሲስተሙ ሲነደፍ ማሽኑ አጠገብ የሚውሉ ባለሙያዎች ይጠሩ። እኔ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ