ስለ ኖቤሉ የጻፋችሁት አነሰኝ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ለሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ለሪቻርድ ሮብሰን እና ለኦማር ያጊ መሰጠቱን በሁለት መስመር ዘግባችሁ አለፋችሁት። ነገሩ እኮ ለእኛ ለአራት ኪሎ ሰዎች ቅርብ ነው።

ያጊ አማን ከተማ ከስደተኛ ቤተሰብ ተወልዶ የቧንቧ ውሃ በሌለበት ቤት ነው ያደገው። ሦስቱን ያሸለማቸው ክሪስታል የብረታ ብረት አቶሞች ካርቦን ካላቸው ሞለኪውሎች ጋር ተያይዘው የተዋቀሩበት፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ነገር ነው፤ ጥቂት ግራሙ ውስጡ ቢዘረጋ የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል። አንዳንዱ ዓይነት ማታ ከበረሃ አየር እርጥበት ይመጥጣል፣ ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው ውሃውን ይለቃል። እኔ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ ቢጫ ጀሪካን የምደረድር ሰው ነኝ፤ ይህን አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ነገሩ ከፕሮቲንም ጋር ይገናኛል። እንቁላል ስትጠብሱ ያ ጥርት ያለው ፈሳሽ ነጭ ሆኖ ይጠጥራል አይደል? ፕሮቲኑ በሙቀት ቅርጹ ተፈቶ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥነው ኢንዛይምም ፕሮቲን ነው፣ ቅርጹ ከተበላሸ ሥራው አበቃ። ተመራማሪዎች ግን አንዳንድ ኢንዛይሞችን በእንዲህ ዓይነት ክሪስታል አሽገው፣ ብቻቸውን ቢሆኑ የማይችሉትን ሙቀት እንዲቋቋሙ አድርገዋል። ገና የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ቢሆንም የእናቴ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው፣ እሱም ፕሮቲን ነው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ልቤ ይሰቀላል።

እባካችሁ፣ እዚሁ አራት ኪሎ ካሉት የኬሚስትሪ መምህራን አንዱን ጋብዙና ሙሉ ገጽ ስጡት።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ